ስለ ሴቶች ልጆች የምህንድስና ትምህርት

ምህንድስና ማለት ውሃንና ድንጋይን፥ ብረትንና እሳትን በልክና በቍጥር ለሰው ጥቅም ማዋል ነው። ይህ ሥራ ለወንድ ብቻ የተሰጠ ነው የሚል አሳብ በብዙ ቀበሌ ስላለ፥ መምህራንና ሽማግሌዎች ነገሩን እንዲመረምሩት ይህ ጥቂት ቃል ተጻፈ።

ከሐዋሳ ከተማ እንነሣ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በዚያ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ ልብስ ለመስፋት ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ልጃገረዶች ናቸው። ነገር ግን በመኪና የሚሰፋ ሌላ፥ መኪናውን የሚተክልና የሚያድስ ሌላ ነው፤ ደመወዛቸውም አይተካከልም። የፋብሪካውን እጣቢ ውሃ የሚያጠራውን መሣሪያ የሚያዝዘውም መሐንዲስ ነው። በዚያችው ከተማ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተቋቋመው፥ ኋላም በከተማዪቱ ስም የተጠራው ትምህርት ቤት ምህንድስናን ያስተምራል። እንግዲህ ብዙዪቱን ልጅ ከዚያ የሚያግዳት የመንገዱ ርቀት ሳይሆን ሒሳቡ ነው።

ሴት ቤት አትሠራም የሚል ሰው ቢኖር ወደ አፋር ይሂድ፤ በዚያ ዘላኑ ሲሰፍር እንጨቱን አጕብጣ፥ ሰሌኑን አልብሳ ቤቱን የምታቆመው ሴቲቱ ናት። ከዚሁ ሕዝብ የተወለዱት ኢንጂነር አይሻ መሐመድ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የአገር መከላከያ ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ የከተማ ልማትና ኮንስትራክሽን ሚኒስትር ተባሉ።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር በኦሞ ወንዝ ላይ ቆሟል። የጊቤ ሦስተኛ ግድብ ቁመቱ ከ240 ሜትር ያልፋል፤ የመብራት ኀይሉም 1,870 ሜጋዋት ነው። የዚህ ሥራ ኀላፊ ኢንጂነር አዜብ አስናቀ ነበሩ፤ ግድቡ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኀይል ዋና ሥራ አስፈጻሚ እርሳቸው ነበሩ። የግድቡ ምስጢር ለገጠር ልጅ እንግዳ አይደለም። 20 ሊትር ውሃ ከምንጭ የምታመጣ ልጅ 20 ኪሎ ተሸክማ ዳገት ትወጣለች፤ ያ ያደከማት ጕልበት ውሃው ተመልሶ ቍልቍል ሲወርድ መዘውር ማዞር የሚችል ጕልበት ነው። መምህሩ ይህን በጥቍር ሰሌዳ ላይ ቢያሰላው፥ ከክፍሉ ሁሉ ፈጥነው የሚያስተውሉት ሴቶቹ ይሆናሉ ብዬ አስባለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ቋንቋችን በግሱ ወንድና ሴትን ይለያል። መምህሩ በየዕለቱ «መሐንዲሱ መሬቱን ለካ» እያለ ጥያቄ ቢያወጣ፥ ከሒሳቡ ጋራ ሳያስበው ሁለተኛ ትምህርት ያስተምራል። «መሐንዲሷ ለካች» ማለት ወጪ የለውም።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ለሴቶች ልጆች ነጥቡ ለብዙ ዓመት ዝቅ ይልላቸው ነበር፤ መልካም ርዳታ ነበር፥ ነገር ግን ዘግይቶ የሚደርስ ነበር። ተማሪዪቱ የተፈጥሮ ሳይንስን የምትመርጠው 11ኛ ክፍል ስትደርስ ሲሆን፥ ምርጫው ግን 5ኛ ክፍል ሳለች ይወሰናል፤ ይኸውም በገበያ ቀን ከቤት ስትውል ነው። የቀረችበት ዕለት ክፍልፋይ ከተማሩበት፥ አስርዮሹም መቶኛውም ይጨልምባታል። ስለዚህ መምህሩ የቀረችበትን ቀንና የትምህርቱን አርእስት በመዝገብ እየጻፈ፥ በየወሩ መጨረሻ በሽማግሌዎቹ ፊት ለአባቷ ያንብብላቸው።