የበይነ መረብ ውይይት ለሥራ አስፈጻሚ አመራር ክሂሎት፦ የመቐለ ከተማ እንደ ማሳያ

ከመቐለ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ለሥልጠና ወደ መዲናዋ በተጓዘ ቁጥር የውሎ አበልና የትራንስፖርት ወጪ ከማስከተሉም በላይ ውሳኔ የሚጠብቁ ጉዳዮች ይከማቻሉ፤ ባለጉዳይም ይጉላላል። የበይነ መረብ ውይይት አመራሩ ከሥራ ገበታው ሳይርቅ እንዲማር ዕድል ይሰጣል።

አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁለት የሳተላይት መረቦች ተዘርግተው ነበር። ስኩልኔት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ያሠራጭ የነበረ ሲሆን፣ ተማሪው አስተማሪውን መልሶ መጠየቅ አይችልም ነበር። ወረዳኔት ግን የፌዴራል፣ የክልልና የወረዳ አመራሮችን በቪዲዮ ኮንፈረንስ ፊት ለፊት አገናኝቷል። ለአመራር ክሂሎት የሚበጀው ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው። ማዳመጥ፣ ማሳመን፣ ትችትን መቀበልና በቂ መረጃ ባልተሟላበት ሁኔታ መወሰን በንግግር ልምምድ እንጂ ገለጻ በመስማት ብቻ አይዳብሩም።

ውይይቱ ውጤታማ እንዲሆን የሚከተሉት ሊሟሉ ይገባል፦

• ተሳታፊዎች በቁጥር ጥቂት ሆነው እያንዳንዱ የመናገር ዕድል ሊያገኝ ይገባል።
• መነሻው ከተሳታፊው መሥሪያ ቤት የተወሰደ እውነተኛ ችግር ሆኖ አስቀድሞ በጽሑፍ ይሰራጫል፤ የባለጉዳዮች ስምና ምስጢራዊ መረጃ ግን አይካተትም።
• አወያዩ መልስ ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ ያነሳል፤ የሥልጣን ደረጃ ሐሳብን እንዳያፍን ይጠብቃል።
• እያንዳንዱ ተሳታፊ የሚፈጽመውን አንድ ተግባር ይዞ ይወጣል፤ ውጤቱንም በቀጣዩ ውይይት ያቀርባል።

በመቐለ ጉዳዩ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ከተጀመረ በኋላ በትግራይ ክልል የስልክ፣ የኢንተርኔትና የባንክ አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ አገልግሎቱ ደረጃ በደረጃ ተመልሷል። በዚያ ጊዜ የተቋረጠው መስመር ብቻ አልነበረም፤ አመራሩ ከሙያ አጋሮቹ ጋር የሚመካከርበት ዕድልም ጭምር ነበር። የፈረሰን አገልግሎት መልሶ የሚያቋቁም ኃላፊ ደግሞ ይህን ምክክር ከማንም በላይ ይፈልገዋል።

በመሆኑም ሥልጠናው መቆራረጥን ታሳቢ ማድረግ ይኖርበታል። የውይይቱ ጭብጥ በጽሑፍ ሊቀመጥ፣ መስመር ሲደክም በድምፅ ብቻ መቀጠል ሊቻል፣ በአንድ ከተማ ያሉ ተሳታፊዎችም በትግርኛ በአካል የሚመክሩበት ጊዜ ሊመደብ ይገባል።

የሥልጠናው ስኬት በምስክር ወረቀት ብዛት አይለካም፤ የሚለካው ባለጉዳዩ በሚያገኘው የተሻለ አገልግሎት ነው።