ያልተሰካ መሣሪያ ድራይቨር ማንን ይጎዳል?

በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ መቀበያ ላፕቶፕ ላይ ሲገባ የአምራቹንና የሞዴሉን መለያ ቁጥር ያሳውቃል። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ለዚያ ቁጥር የሚስማማ ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያሠራ ፕሮግራም፣ ካለው ይጭነዋል፤ ከሌለው መሣሪያው እንደተሰካ ዝም ይላል። ይህ የሚወሰነው ግን ሲስተሙ ሲዘጋጅ፣ ተጠቃሚው በሌለበት ነው። በሊኑክስ ከርነል ለአብዛኞቹ ድራይቨሮች ሦስት አማራጭ አለ፦ ከከርነሉ ጋር አንድ ላይ ይጠቃለል፣ ሲፈለግ የሚጫን ሞጁል ሆኖ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፣ ወይም ጭራሹን ይቅር። ከርነሉን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ አዲስ ድራይቨር ሳይጠየቅ እንዲበራ የሚያደርጉ ገንቢዎችን ደጋግሞ ወቅሷል። ኡቡንቱን፣ ዴቢያንንና ፌዶራን የመሳሰሉ የሊኑክስ ስርጭቶችን የሚያዘጋጁት ደግሞ ተጠቃሚው እጅ ላይ ምን ዓይነት ማሽን እንዳለ ስለማያውቁ አብዛኛውን በሞጁል መልክ ያካትታሉ።

ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። የዲስኩ ድራይቨር ከጎደለ ኮምፒውተሩ አይነሳም። የዋይፋዩ ከጎደለ ደግሞ ድራይቨሩን ከኢንተርኔት ለማውረድ የሚያስፈልገው ኢንተርኔት ራሱ አይኖርም። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ሊኑክስ የጫነ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ጥፋቱን የሚያሳብበው በድራይቨሩ ሳይሆን በሊኑክስ ላይ ነው። ከዚህ ተነስተው «ያልተጫነ ሞጁል ጥቂት የዲስክ ቦታ ከመያዝ ሌላ ምን ጉዳት አለው? ሁሉም ይግባ» የሚሉ ብዙ ናቸው።

ጉዳት እንዳለው በ2017 ታይቷል። የደህንነት ተመራማሪው አሌክሳንደር ፖፖቭ ኤን ኤችዲኤልሲ በተባለ ድራይቨር ውስጥ ከ2009 ጀምሮ የቆየ ስህተት አገኘ። ድራይቨሩ የተሠራው ጥቂቶች ብቻ ለሚጠቀሙበት የሲሪያል ግንኙነት ሲሆን በብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ግን በሞጁልነት ተካትቶ ነበር። ስህተቱን ለመጠቀም የሲሪያል ካርድ መሰካት አያስፈልግም። ምንም ልዩ ሥልጣን የሌለው ተጠቃሚ ተርሚናል ከፍቶ ድራይቨሩ የሚያስተናግደውን የመስመር ዓይነት ሲጠይቅ ከርነሉ ሞጁሉን በራሱ ይጭናል፤ ከዚያ ስህተቱን ተጠቅሞ የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን መያዝ ይቻላል። ለጥቂቶች ታስቦ የገባው ኮድ ካርዱን አይተውት የማያውቁትን ሁሉ ለአደጋ አጋለጠ ማለት ነው። በዚያ ላይ መሣሪያው ከገበያ ሲጠፋ ኮዱን የሚፈትሽ ሰውም አብሮ ይጠፋል። በ2019 ቶርቫልድስ የፍሎፒ ዲስክ ድራይቨር ባለቤት እንደሌለው መዝግቦ ነበር፤ የሚሠራ የፍሎፒ መሣሪያ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖ ነበርና።

ስለዚህ «መሣሪያው ስንት ሰው ዘንድ አለ?» ማለት ብቻውን በቂ መለኪያ አይሆንም። ከእሱ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። ድራይቨሩ ሲጎድል ተጠቃሚው በራሱ ሊያመጣው ይችላል? መሣሪያው ሳይኖር ኮዱን መቀስቀስ ይቻላል? ኮዱን በእውነተኛ መሣሪያ የሚፈትሽ ሰው አለ? በዚህ ሚዛን ያረጀ የዋይፋይ ካርድ ድራይቨር የካርዱ ባለቤቶች ጥቂት ቢሆኑም ይገባል፤ ሌሎቹ ድራይቨሮች የሚመጡት በእሱ በኩል ነውና። ማንም ሊቀሰቅሰው የሚችል፣ ፈታሽ ያጣ ድራይቨር ግን ሳይጠየቅ መምጣት የለበትም።

ይህ ብርቅ መሣሪያ ያለውን ሰው ይበድላል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ድራይቨሩ ከነጭራሹ ቢሰረዝ ኖሮ ክርክሩ ልክ ነበር። ፌዶራ ግን እምብዛም የማይፈለጉ ሞጁሎችን በተለየ ጥቅል አስቀምጦ የፈለገ እንዲጭናቸው ያደርጋል። ባለመሣሪያው አንድ ትእዛዝ መጻፍ ይኖርበታል፤ ይህ ድካም መሆኑ አይካድም። ነገር ግን እሱ ምን እንደጎደለው ያውቃል፣ መፍትሔም ይፈልጋል። ሌላው ተጠቃሚ ግን ማሽኑ ውስጥ ምን እንደተቀመጠ ስለማያውቅ ሊያጠፋው አይችልም። ሸክሙ አንድ ሰው ላይ መውደቁ ካልቀረ፣ መሸከሙን አውቆ ሊያራግፈው በሚችለው ላይ መውደቁ ይሻላል።