በአርሊንግተን መጀመሪያ የተቀበረውን ወታደር ጥይት አልነካውም

ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ አካባቢ ያለ አበሻ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣበት ከሚያሳያቸው ቦታዎች አንዱ የአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ነው። አብዛኛው ሰው የኬኔዲን መቃብር አይቶ ይመለሳል። ክፍል 27 ከዚያ ራቅ ይላል፤ የመጀመሪያው ወታደር ዊሊያም ክሪስትማን የተቀበረው ግን እዚያ ነው።

ክሪስትማን በእርሻ ሥራ ያደገ የፔንሲልቫኒያ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1864፣ የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት ሦስተኛ ዓመቱን ሊደፍን ሲል፣ ከሰሜኑ ጦር በ67ኛው የፔንሲልቫኒያ እግረኛ ሬጅመንት ተመዘገበ። ውጊያ ሳያይ ኩፍኝ ያዘው። ዋሽንግተን ውስጥ ሊንከን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የሆድ ዕቃው ሽፋን ተቆጣ (ፔሪቶናይተስ ይሉታል)፤ ሜይ 11 ቀን ሞተ። ከሁለት ቀን በኋላ ቀበሩት። ዘመድ አልነበረም፣ መለከት አልተነፋም፤ ራስጌው ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ ሳንቃ ተተከለ።

ኩፍኝ ያደገ ሰው እንዴት ይገድላል? እኛ ዘንድ የልጆች በሽታ ነው የምንለው በሕፃንነት ስለሚይዘን ነው፤ አንዴ የያዘውን ደግሞ አይደግመውም። ያኔ ተራርቀው በሚኖሩ የአሜሪካ ገበሬዎች መንደር ግን ኩፍኝን ሳያውቅ ጢም ያወጣ ሞልቶ ነበር። እንዲህ ያሉትን በመቶዎች ሰብስቦ በአንድ ሰፈር ማሳደር ለበሽታው ትልቅ ድግስ ነው። ቫይረሱ አየር ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ ይዞት ከማያውቅ 10 ሰው 9ኙን ይይዛል። ሲብስ ደግሞ ሰውነት ቀድሞ የተማረውን የመከላከል አቅም ያስረሳዋል፤ ያን ጊዜ የሳንባ ምችና ተቅማጥ ይከተላሉ።

ከበሽታዎቹ ሁሉ የከፋው ገዳይ ተቅማጥ ነበር። መጸዳጃው ከሚጠጣው ውሃ አይርቅም፤ ስንቁ ጨው የበዛበት ሥጋና እንደ ድንጋይ የደረቀ ብስኩት ነው። በሰሜኑ ጦር ብቻ ተቅማጥና የደም ተቅማጥ ከ40,000 በላይ ወታደር ፈጅተዋል። ሕክምናውም አይጣል ነው፤ በሽተኛውን ሜርኩሪ ያለበትን ካሎሜል ያስውጡት ነበር። የጦሩ ዋና ሐኪም ዊሊያም ሃመንድ በ1863 ካሎሜል ከመድኃኒት ዝርዝሩ እንዲወጣ ሲያዝዙ፣ ሐኪሞቹ ከማመስገን ይልቅ አመፁባቸው።

በጠቅላላው ከሰሜኑ ጦር ከሞቱት 360,000 ገደማ ወታደሮች ከግማሽ የሚበልጡትን የወሰደው በሽታ ነው። የክሪስትማን አሟሟት እንግዲህ የተለመደ ነበር፤ ስሙ የቀረው ቀኑ ስለገጠመለት ነው። በዚያው ወር የሰሜኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ግራንት ቨርጂኒያ ውስጥ ከባድ ዘመቻ ጀምረው ስለነበር የዋሽንግተን ወታደራዊ መቃብሮች ሞሉ። ትርፍ ቦታ ሲፈለግ የደቡቡ ጦር አዛዥ የሮበርት ሊ ቤተሰብ ጥሎት የሄደው ርስት ተገኘ፤ እሱም አርሊንግተን ነው።

የኩፍኝ ክትባት የተገኘው በ1963 ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንኳ በአሜሪካ ማሠልጠኛ ሰፈሮች ኩፍኝና ተከትሎት የሚመጣው የሳንባ ምች ብዙ ምልምል ገና ባሕር ሳይሻገር ቀጥፈዋል። ዛሬ የአሜሪካ ጦር ምልምል ኩፍኝን የመከላከል አቅም እንዳለው ካልተረጋገጠ ክትባቱን ይወጋል።