ወንበሩ የማን፣ ድምፁ የማን?

አባል ያልሆነ ሰው የማኅበርን ስብሰባ በሊቀ መንበርነት ሊመራ ይችላልን? ጥያቄው ከቢላ ዕድርተኞች እስከ መንግሥት ከፍተኛ አካል ድረስ ይነሣል።

ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ደርግ አባላት ከየጦር ክፍሉ የተመረጡ ነበሩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሊቀ መንበር የሆኑት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ግን የደርግ አባል አልነበሩም። ወንበሩ የእርሳቸው፣ ድምፁ የአባላቱ ሆነ። በኤርትራ ጉዳይ ሲጋጩ ከጀርባቸው የሚቆም መራጭ አልነበራቸውም፤ ኅዳር 14 ቀን ቤታቸው ተከብቦ በተኩስ ሞቱ።

በአንጻሩ የአሜሪካን ሴኔት የሚመራው ምክትል ፕሬዚዳንት አባል ባይሆንም፣ ድምፅ የሚሰጠው ድምፅ እኩል ሲከፈል ብቻ መሆኑን ሕገ መንግሥቱ ወስኖታል።

እንግዲህ አቋማችን ግልጽ ነው፤ አባል ያልሆነ ሰው ሊመራ የሚችለው፣ አባላቱ በመተዳደሪያ ደንባቸው ፈቅደው ሥልጣኑን ሲወስኑና ሊያነሡት ሲችሉ ብቻ ነው። ደንብ ያልገደበው ወንበር ለሰብሳቢውም ለተሰብሳቢውም አደጋ ነው!