ከመፈረም በፊት ማንበብ

ፊደል ቆጥረን፣ ቃል መሥርተን፣ ስማችንን መጻፍ ችለናል። ደስ ይላል። ነገር ግን ስምን ወረቀት ላይ ማስፈር ቀላል ነገር አይደለም። እስቲ ዛሬ በአንድ ምሳሌ እንነጋገርበት።

አንድ ገበሬ ከገበያ ሲመለስ የጭነት መኪና ገጭቶት ሞተ እንበል። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ቀሩ። ሾፌሩ ታሰረ። በሳምንቱ የመኪናው ባለቤት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ለተዝካር የሚሆን ጥቂት ብርና አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። «ልጄ፣ የሞተ አይመለስም። ይህን ተቀበይና እዚህ ላይ ፈርሚ» አሏት።

ሴትዮዋ ምን ታድርግ?

እርቅ መልካም ነው። ቂም ያበርዳል፣ ደም ያደርቃል። ታዲያ እርቅ ሌላ ነው፤ ካሳ ሌላ ነው። ካሳ ማለት ጉዳት ያደረሰ ሰው ለተጎዳው ሰው የሚከፍለው ነው።

የካሳ ሕግ

የካሳ ሕግ ለአገሩ ሁሉ አንድ ነው። የሚገኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። መኪና ሰው ሲጎዳ የመኪናው ባለቤት ይጠየቃል። «እኔ አልነዳሁም፣ ጥፋት የለብኝም» ቢልም አይድንም። ጥፋቱ የተጎጂው ብቻ ከሆነ ግን ይድናል። ሾፌሩ ቢታሰርም የካሳው ዕዳ አይቀርም። እስራቱ ልጆቹን አያበላምና!

ሰው ሲሞት ሚስቱ ወይም ባሏ፣ ወላጆችና ልጆች ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። ይህ ካሳ ሟቹ ያኖራቸው ለነበሩት ቀለብ ነው። ለሐዘን የሚከፈለው ግን ትንሽ ነው። የ1952ቱ ሕግ ከ1000 ብር አይበልጥም ብሎ ወስኖታል። ስለዚህ ዋናው ነገር ቀለቡ ነው።

ጊዜም አለው። ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ጉዳዩ ከበድ ያለ ወንጀል ሲሆን ጊዜው ሊረዝም ይችላል። እሱን ተማምኖ መቀመጥ ግን አይበጅም።

የቤተሰብ ሕግ

ሴትዮዋ ፍርድ ቤት ስትሄድ መጀመሪያ «የሟች ሚስት ነሽን?» ትባላለች። የካሳው ነገር ከቤተሰብ ሕግ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

የቤተሰብ ሕግ እንደ ካሳ ሕግ አንድ አይደለም። ክልሎች የየራሳቸውን ማውጣት ይችላሉ። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የራሱን አውጥቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ስለዚህ «በእኛ ክልል ሕጉ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የፌዴራሉ ሕግ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸም ጋብቻ ነው። ሦስቱም እኩል ናቸው። የጋብቻ ወረቀት ባይኖርስ? ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ይኖሩ እንደነበር፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያው ያውቃቸው እንደነበር በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ነገር ግን ምስክር ይሞታል፣ ይረሳል፣ አገር ይለቃል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ነው።

ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት እንዲመዘገቡ በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቷል። ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ልጆችንም አንርሳ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው ይላል።

ፊርማ ያስራል

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ወረቀቱ ላይ «ካሳዬን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ አልጠይቅም» የሚል ቃል ቢኖርስ? የስምምነት ውል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። በቀላሉ አይፈርስም።

ሕጉ ማንበብ ለማይችል ሰው ይጠነቀቃል። ማንበብ የማይችል ሰው የጣት አሻራ ቢያደርግ ወይም ቢፈርም፣ ዳኛ ወይም ውል የሚያዋውል ሹም ካላረጋገጠው በቀር ውሉ አያስረውም። እኛ ግን ማንበብ ተምረናል! ያ ጥበቃ ከእንግዲህ ለእኛ አይደለም። ፊርማችን ያስረናል። ስለዚህ ማንበባችን ይጠብቀን።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ፤

1. የመኪናውን የታርጋ ቁጥር እንጻፍ። ለፖሊስ እናስታውቅ።
2. የሐኪም ቤት ወረቀትና ደረሰኝ አንጣል።
3. መኪናው የሦስተኛ ወገን መድን እንዳለው እንጠይቅ። መድን ማለት ለጉዳት ቀድሞ የሚገባ ዋስትና ነው።
4. ጋብቻና ልደት እናስመዝግብ።
5. ያላነበብነውን አንፈርም። ያልገባን ቃል ካለ ወደ ወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፍርድ ቤት ሄደን እንጠይቅ።

ሴትዮዋስ? ለሽማግሌዎቹ እንዲህ ብትል ነውር የለውም፤ «አባቶቼ፣ እርቁን ተቀብያለሁ። ወረቀቱን ግን እዚሁ ተዉልኝ፤ ላንብበው።»

ጥያቄ
ሀ. የካሳ ጥያቄ በስንት ዓመት ውስጥ ይቀርባል?
ለ. እርቅና ካሳ በምን ይለያያሉ?
ሐ. በቤታችሁ ያልተመዘገበ ጋብቻ ወይም ልደት አለን? ጽፋችሁ አምጡ።