ከኮረም ሰቆጣ፦ ስልኩ ሲጠራ

ከኮረም ወደ ሰቆጣ የሚነዳ ሹፌር ዓይኑን ከመንገዱ የሚነቅልበት ፋታ የለውም። ኩርባው ሌላ ኩርባ ይወልዳል። በገበያ ቀን ደግሞ ፍየል፣ አህያና ሸክም ያዘለ ሰው መንገዱን ይጋሩታል። ክላክስ ቢነፋ ፍየል ደንታም የላት፤ እረኛው እስኪደርስ መቆም ነው።

በቁልቁለት ፍሬን እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ ልምድ ያለው ሹፌር አስቀድሞ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይመልሳል።

የባሰው ግን ኪስ ውስጥ ያለው ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ2 ሰከንድ 33 ሜትር ይጓዛል፤ «ማነው የደወለው?» ብሎ ለማየት የሚበቃ ጊዜ! እንደ ዓለም ጤና ድርጅት፣ እየነዳ ስልክ የሚጠቀም ሰው ለአደጋ የመጋለጥ ዕድሉ 4 እጥፍ ገደማ ነው።

ስልኩን ረዳቱ ያንሳለት፤ ተሳፋሪም ዝም አይበል።