መጽሐፍ በጆሮ፤ በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ስላለው የንባብ ልማድ

ማንበብ ሲባል ብዙ ጊዜ በሐሳብ የሚመጣው አንድ ሰው ለብቻው ተቀምጦ፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ በዓይኑ ብቻ ገጹን ሲከተል ነው። የቃሉ ሥር ግን ሌላ ነገር ይነግራል። በግእዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው፤ «ንባብ»ም ንግግር ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም ተማሪው ፊደል ከለየ በኋላ ግእዙን፣ ውርድ ንባቡንና ቁም ንባቡን የሚወጣው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው፤ መምህሩም ስሕተቱን የሚያርመው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ስለዚህ በአገራችን አንባቢ ካለ ዘንድ ሰሚም አለ ማለት ነው። ይህ አሮጌ ልማድ ዛሬም ምን ያህል ሕያው እንደ ኾነ ለመረዳት የደቡብ ምዕራቡን የቡና አገር መመልከት ይጠቅማል።

ይህ አገር ሚዛን ተፈሪን፣ ቴፒንና ቦንጋን የመሳሰሉ ከተሞችን የያዘ፣ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ ዝናሙም የበዛ ምድር ነው። ሚዛን ተፈሪ ዛሬ ከጎረቤቷ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን ትባላለች። በምድሪቱ ከጥንት ጀምሮ የቤንች፣ የሸኮ፣ የሜኢኒት፣ የከፋ፣ የሸካና የማጃንግ ሕዝቦች ይኖራሉ። በኋላም የበበቃና የቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ሠራተኛ ከሩቅ ሳቡ፤ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላም ከሰሜን ብዙ ሰው መጥቶ በአካባቢው ሰፈረ። ከዚህም የተነሣ በአንድ መንደር ውስጥ ሦስትና አራት ቋንቋ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። አማርኛ የገበያና የጽሕፈት ቤት መገናኛ ሲሆን፣ የእናት ቋንቋ ግን የቤት መነጋገሪያ ሆኖ ቆይቷል።

በእንዲህ ያለ አገር መጽሐፍ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው ወሬ ነው። ጎረቤት የሚሰበሰበው በቡና ላይ ነው፤ ቡናው ሳይፈላም ቢሆን ጨሞ አለ። ጨሞ የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከሚጥሚጣና ከጨው ጋር ተፈልቶ የሚጠጣ የአገሩ መጠጥ ነው። መምህሩ፣ የጤና ሠራተኛው ወይም ለዕረፍት ወደ ቤቱ የተመለሰው ተማሪ በዚያ ጉባኤ ላይ ምን እያነበበ እንደ ሰነበተ ይጠየቃል። «መልካም መጽሐፍ ነው» ብሎ መመለስ ግን አይበቃውም። ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ እንዲያወጋ ይጠበቅበታል፤ አቦል ላይ የጀመረውን በረካ ላይ ካልጨረሰው ለነገ ይቀጠራል። የመጽሐፉም ዋጋ የሚታወቀው ሰሚዎቹ «ከዚያስ?» እያሉ በማግስቱ በመመለሳቸው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ውሰት ነው። መጻሕፍት መሸጫ ሩቅ በሆነበት ስፍራ አንድ ቅጂ ብዙ ቤት ይዞራል። ባለቤቱ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ሽፋኑ እንዳይቀደድም በጋዜጣ ይለብደዋል። እንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሮ ሲገኝ የተወዳጅነቱ ምስክር ያ ጥቁረት ነው። ለዚህ ሁነኛው ምሳሌ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ደራሲው ራሱ የዚሁ የምዕራብ ቡና አገር ልጅ ሲሆን የተወለደው በኢሉባቦር፣ ሱጴ በተባለው ስፍራ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የደረሰበት ሳይታወቅ ጠፋ። ይሁን እንጂ ቀድሞ የተሸጠው ቅጂ በስውር ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ተነበበ። ከመደብር የወጣ መጽሐፍ ከሕዝብ መካከል እንዳልወጣ በዚህ ታይቷል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሰፋው መንገድ ድምፅ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ከ500 ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ ስለ ነበረ፣ ገዝቶ ለመጨረስ ገንዘብም ትዕግሥትም ይጠይቅ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው በኋላ ግን ፊደል ያልቈጠረው ሰው ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ ልጆች ዐወቃቸው። የጎጃም ታሪክ በከፋና በቤንች ምድር ለምን ጆሮ አገኘ ቢባል፣ ከፍቅሩ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ከፋ በ1889 ዓ.ም. በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከዋለ በኋላ አገሩ የገባርን ሥርዐት ክብደት አይቷል፤ መሬት ለሕዝብ የኾነውም በ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ነው። ስለዚህ ገበሬዎቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ «እንቢ» ያሉበት ምዕራፍ ሲነበብ፣ አባቱ ለባለ ርስት ማር የሰፈረ ሽማግሌ የሚሰማው የጎጃምን ነገር ብቻ አይደለም፤ የራሱንም ቤት ነው።

ለሚሠራ ሰው መጽሐፍን በድምፅ ማሰማት በሌላም ዓለም ይገኛል። በኩባ፣ ሀቫና ከተማ፣ ከ1865 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሲጋር ፋብሪካዎች ውስጥ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣና ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ነበረ። ደመወዙን የሚያዋጡለት ሠራተኞቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ትንባሆውን እየጠቀለሉም ያዳምጡት ነበር። በእኛ የቡና አገር ለአንባቢው የሚዋጣ ደመወዝ የለም፤ ክፍያው ስኒው ነው። ሥራውና ማዳመጡም አንድ ላይ አይሄዱም፤ ቡናው ተለቅሞ እጅ ካረፈ በኋላ ጆሮ ይከፈታል።

የዚህ ልማድ ትልቁ ጥቅም ግን የሚታየው በፊደል ጉዳይ ላይ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ ከነዚያ አንዱ የከፋና የሞቻ ቋንቋ ነበር፤ የተጻፈውም በግእዝ ፊደል ነው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን የከፋ ቋንቋ ለትምህርት ቤት የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ከዚህም የተነሣ አያት በዘመቻው በተማረው ፊደል የልጅ ልጁን የትምህርት መጽሐፍ መለየት ይሳነዋል፤ ልጁም የአያቱን የዘመቻ መጽሐፍ በቋንቋው ቢያውቀው እንኳ በላቲኑ ፊደል ሊያነበው አይችልም። አንደኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበበ እንደ ሆነ ግን ሁለቱም ወዲያው ይግባባሉ። ፊደል የለያየውን ድምፅ ያገናኘዋል ማለት ነው።

የአማርኛ መጽሐፍ በእናት ቋንቋ ሲወጋም እንዲሁ ነው። አውጊው «ጉልት» ወይም «ቅኔ» የሚለውን ቃል ለአያቱ በቤንች ቋንቋ ሲያስረዳ ተርጓሚ ይሆናል፤ ምሳሌውን ከጤፍ ማሳ ወደ ጎደሬና ወደ እንሰት ጓሮ ሲያዛውርም ደራሲነትን ይጀምራል። ከእንደዚህ ያለው ትርጕም በወረቀት ላይ የሚቀር ነገር የለም፤ ምሽቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ሆኖ ይገኛል። መጽሐፉ የተወረሰው በቃል ነውና። ነገር ግን ቃሉ ራሱ ካልተያዘ ይረሳል የሚለው ማስጠንቀቂያ ጸንቶ ይኖራል። በእነዚህ ቋንቋዎች ከትምህርት መጽሐፍና ከቅዱሳት መጻሕፍት ውጭ ለደስታ የሚነበብ ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ ልጁም ለደስታ ባነበበ ቍጥር ከእናቱ ቋንቋ እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ የሕዝብን ንባብ የሚያጠና ሰው የተሸጠውን ቅጂ ብቻ ሳይሆን በአንዱ ቅጂ ዙሪያ የተቀመጡትን ጆሮዎችም ሊቈጥር ይገባዋል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ተማሪዎች አሉት፤ ድምፅ መቅጃም ዛሬ በየሰው ኪስ ባለው ስልክ ውስጥ ይገኛል። ከየመንደሩ የመጣ ተማሪ አንድ ምሽት የተወጋውን መጽሐፍ በቋንቋው ቀድቶ ቢጽፈው፣ ለዚያ ቋንቋ የንባብ መጽሐፍ መጀመሪያ ሊሆነው ይችላል።